አምስት ስዊችና አንድ አንቴና፦ ለቀድሞ ኮምፒውተሮች የሚሆን ገመድ አልባ የጆይስቲክ ማገናኛ በመርካቶ ዕቃ ስለመሥራት የቀረበ ዲስኩር

በዘመኑ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ዘንድ አንድን መሣሪያ ከነሙሉ አሠራሩ የመረዳት ዕድል እየጠበበ መጥቷል፤ በአንድ የእጅ ስልክ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች በቢሊዮን የሚቆጠሩ በመሆናቸው፣ ስልኩን የሚጠግነው ባለሙያ እንኳ የተበላሸውን ክፍል ለይቶ በሌላ ይተካል እንጂ በክፍሉ ውስጥ የሚካሄደውን አንድ በአንድ ሊከታተል አይችልም። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክስን ከሥሩ መማር የሚፈልግ ሰው፣ ሙሉ በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ሊዘረጋ፣ እያንዳንዱ ሽቦው በመልቲሜትር ሊለካና አሠራሩ በአንድ ገጽ ወረቀት ሊጻፍ የሚችል መሣሪያ ያስፈልገዋል። ይህ ዲስኩር እንዲህ ያለውን አንድ መሣሪያ ይመረምራል፤ የሚመረምረውም መርካቶን መነሻ አድርጎ ነው፤ ምክንያቱም ለሥራው ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች አብዛኞቹ በዚሁ ገበያ አሮጌ ተብለው የሚዞሩ ከመሆናቸውም በላይ፣ አንድን ዕቃ ላልታሰበለት ሌላ ዕቃ የማስማማት ጥበብ መርካቶ ባለበት በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሠራተኛው የዕለት እንጀራ ነው።

መሣሪያው ለቀድሞ የቤት ኮምፒውተሮች የሚሠራ ገመድ አልባ የጆይስቲክ ማገናኛ ነው። ጆይስቲክ በመሠረቱ ተጫዋቹ ጨብጦ ወደ አራቱ አቅጣጫ እያዘነበለ በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ያለውን ሥዕል የሚያንቀሳቅስበት ዘንግ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ያደገው ትውልድ ግን ቃሉን ዘንግ ለሌለው የሁለት እጅ መቆጣጠሪያም ይጠቀምበታል። የቀድሞ ኮምፒውተሮች የሚባሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው አታሪ 2600 የጨዋታ መሣሪያ የተጀመረውን ባለ ዘጠኝ እግር መሰኪያ የወረሱት ማሽኖች ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የዋለው ኮሞዶር 64፣ እንዲሁም በ1985 የወጡት አሚጋና አታሪ ኤስቲ ይገኛሉ። በኢትዮጵያ እነዚህ ማሽኖች በወጡበት በደርግ ዘመን ኮምፒውተር የቤት ዕቃ አልነበረም፤ ዛሬ ስለ እነርሱ ማወቅ የሚጠቅመው በትዝታ ምክንያት ሳይሆን፣ የተሠሩት ባለቤታቸው ከፍቶ ሊያያቸውና ሊረዳቸው በሚችልበት መጠን በመሆኑ ነው።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ የጥንቱ ጆይስቲክ በውስጡ አንድም የኤሌክትሮኒክስ ክፍል የሌለው መሆኑ ነው። ያለው አምስት ስዊች ብቻ ነው፤ አራቱ ለወደ ላይ፣ ለወደ ታች፣ ለግራና ለቀኝ፣ አምስተኛው ለመተኮሻው ቁልፍ። ከመሰኪያው ዘጠኝ እግሮች መካከል 1ኛው ለወደ ላይ፣ 2ኛው ለወደ ታች፣ 3ኛው ለግራ፣ 4ኛው ለቀኝ፣ 6ኛው ለተኩስ የተመደቡ ሲሆኑ፣ 7ኛው 5 ቮልት ኃይል ይሰጣል፣ 8ኛው ደግሞ ግራውንድ ነው፤ ግራውንድ ማለትም የሌሎቹ ቮልት ሁሉ የሚለካበት የጋራ ዜሮ ነጥብ ማለት ነው። 5ኛውና 9ኛው እግሮች በመሽከርከሪያ ለሚሠሩ መቆጣጠሪያዎች የተተዉ በመሆናቸው እዚህ አያስፈልጉም። ተጫዋቹ ዘንጉን ወደ ግራ ሲያዘነብል የግራው ስዊች ይዘጋና 3ኛውን እግር ከ8ኛው ጋር ያገናኘዋል፤ ሲለቀው ይከፈታል፤ ከዚህ ሌላ የሚሆን ነገር የለም።

ታዲያ ኮምፒውተሩ የስዊቹን መዘጋት የሚያውቀው እንዴት ነው? እያንዳንዱ መስመር በኮምፒውተሩ ውስጥ በሬዚስተር አማካይነት ወደ 5 ቮልት ተስቦ ይቀመጣል፤ ሬዚስተር የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገድብ ክፍል በመሆኑ መስመሩ ከፍ ብሎ የሚቆየው በልስላሴ እንጂ በጉልበት አይደለም። ሁኔታው በላስቲክ ከጣሪያ እንደተንጠለጠለ ገመድ ነው፤ ማንም ወደ ታች ሊጎትተው ይችላል፣ ሲለቀው ራሱ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ወደ ላይ መግፋት ግን የማንም ሥራ አይደለም። የጆይስቲኩ ስዊች መስመሩን ወደ ግራውንድ ሲጎትተው ኮምፒውተሩ ዜሮ ያነባል፣ ሲለቀው ደግሞ አንድ ያነባል። ገመድ አልባ ማገናኛ የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያከብረው የሚገባው ሕግ ይህ ነው፦ ማገናኛው መስመሩን ወደ ግራውንድ ሊጎትት ወይም ሊለቅ ይገባዋል እንጂ፣ በራሱ ኃይል 5 ቮልት ሊገፋበት ፈጽሞ አይገባም።

ይህ ሕግ በኮሞዶር 64 ላይ ከየትኛውም ማሽን በላይ ክብደት አለው። የዚህ ኮምፒውተር ሠሪዎች ወጪ ለመቆጠብ ሲሉ ሁለቱን የጆይስቲክ ወደቦች የፊደል ገበታው ከሚነበብባቸው መስመሮች ጋር አጋርተዋቸዋል፤ ይህን ሥራ የሚሠራው 6526 የተባለው ቺፕ ሲሆን፣ ቺፑ የገበታውን ዓምዶች በየተራ ወደ ዜሮ እያወረደ በረድፎቹ በኩል የትኛው ፊደል እንደተነካ ይፈትሻል። በመሆኑም በ1ኛው ወደብ የተሰካ ጆይስቲክ ሲነካ በመስታወቱ ላይ ፊደል ወይም ባዶ ቦታ ሊጽፍ ይችላል፤ የጨዋታ ደራሲዎችም በአብዛኛው 2ኛውን ወደብ የመረጡት ከዚህ የተነሣ ነው። አሁን አንድ ሠሪ፣ መስመሩ ሲለቀቅ 5 ቮልት የሚገፋ ማገናኛ ሰክቷል እንበል። ተጠቃሚው ፊደል ሲጫን ቺፑ መስመሩን ወደ ዜሮ ሊያወርድ ይሞክራል፣ ማገናኛው ደግሞ ወደ 5 ቮልት ይገፋዋል፤ በሁለቱ መካከል በሚፈጠረው ግጭት ፊደሉ ሳይነበብ ከመቅረቱም ሌላ፣ በቺፑ እግር በኩል ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ሊያልፍና ቺፑን ሊያቃጥለው ይችላል። 6526 ዛሬ በፋብሪካ የሚመረት ቺፕ አይደለም፤ አንድ ሲቃጠል በአብዛኛው የሚተካው ከሌላ ከሞተ ማሽን ተነቅሎ ነው። የአርባ ዓመት ዕድሜ ያለው ማሽን በአንድ የተሳሳተ የፕሮግራም መስመር ሲጠፋ ማየት የሚያሳዝን ነገር ስለሆነ፣ በዚህ ነጥብ ላይ መዘግየቱ ተገቢ ነው።

የማገናኛውን አእምሮ የሚሆነው ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ ይህም አነስተኛ ፕሮግራም በውስጡ ይዞ እግሮቹን የሚያዝ፣ በአንድ ቺፕ የተጠቃለለ ትንሽ ኮምፒውተር ማለት ነው። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚመረጠው አትሜጋ 328 የተባለው ቺፕ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን አገር በኢቭሪያ ከተማ ለተማሪዎች ተብሎ በተጀመረው የአርዱዊኖ ቦርድ ምክንያት በየትምህርት ቤቱ ታውቋል። የቺፑ እያንዳንዱ እግር በፕሮግራም ማስገቢያ ወይም ማስወጫ ሊሆን ይችላል፤ ማስገቢያ በሆነ ጊዜ ለውጭው መስመር እንደሌለ ይቆጠራል፣ ማስወጫ ሆኖ ዜሮ ሲሰጥ ግን መስመሩን ወደ ግራውንድ ይጎትታል። እንግዲህ ከላይ የተባለውን ሕግ በፕሮግራም ለመጻፍ መንገዱ ግልጽ ነው፤ የእግሩ ዋጋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዜሮ ሆኖ ይቀመጣል፣ ፕሮግራሙ የሚለውጠው አቅጣጫውን ብቻ ነው፤ ቁልፉ ሲነካ ማስወጫ፣ ሲለቀቅ ማስገቢያ። ብዙ ጀማሪዎች የሚስቱት፣ ከመማሪያ መጽሐፍ እንደለመዱት አንድና ዜሮ በመጻፍ ነው፤ አንድ በተጻፈ ቁጥር ግፊት ይፈጠራልና። ደስ የሚያሰኘው ነገር ቺፑ ኃይል እንዳገኘ እግሮቹ ሁሉ ማስገቢያ ሆነው የሚነሡ መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ በትክክል የተጻፈ ማገናኛ ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ ኮምፒውተሩን አያውክም። ፕሮግራሙ ቢሳሳት እንኳ ጉዳቱ እንዲቀንስ በእያንዳንዱ መስመር ላይ 220 ኦም የሚሆን ሬዚስተር በተከታታይ ማስገባት መልካም ጥንቃቄ ነው።

በጆይስቲኩ በኩል ካለው ላኪ ወደ ኮምፒውተሩ ወደሚሰካው ተቀባይ አየር ላይ የሚያልፈው መልእክት የሚሄደው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሬዲዮ ሲሆን፣ ለዚህም ኖርዲክ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ የሠራው ኤንአርኤፍ 24 ኤል 01 ፕላስ የተሰኘ ቺፕ የተገጠመበት፣ ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ ሞጁል ይበቃል። ሞጁሉ ከ1.9 እስከ 3.6 ቮልት ይፈልጋል፤ የመረጃ እግሮቹ 5 ቮልት ቢችሉም የኃይል እግሩ ግን አይችልም፣ በዚህ ምክንያት ብዙ ሞጁል በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል። ሌላው የታወቀ ድካሙ የኃይል መዋዠቅን አለመቻሉ ነው፤ በሚልክበት ቅጽበት ድንገት ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ በኃይል እግሮቹ አጠገብ 10 ማይክሮ ፋራድ የሆነ ካፓሲተር ካልተበየደለት መልእክት ይጥላል። ካፓሲተር ኤሌክትሪክን ለአጭር ጊዜ አከማችቶ በሚያስፈልግበት ቅጽበት የሚሰጥ ክፍል ነው፤ ከማንኛውም የተጣለ የኃይል ሰርኪዩት ላይ ሊነቀል ይችላል።

የመልእክቱ ይዘት እጅግ ትንሽ ነው፤ አምስት ስዊች በአምስት ቢት፣ ማለትም በአምስት ዜሮ ወይም አንድ፣ ይገለጻል፣ አንድ ባይት ደግሞ ስምንት ቢት ስለሆነ ሦስቱ ይተርፋሉ። አስተዋይ ሠሪ ግን በዚህ ባይት ውስጥ ምን እንደሚልክ ማሰብ አለበት። አንዱ መንገድ ለውጥን መላክ ነው፤ «ግራ ተነካ»፣ ቀጥሎም «ግራ ተለቀቀ» እያሉ። ይህ መንገድ አንዱ መልእክት አየር ላይ ከጠፋ በመስታወቱ ላይ ያለው ሥዕል ወደ ግራ እየሄደ እንዲቀር ያደርጋል። የተሻለው መንገድ በየጊዜው የአምስቱን ስዊች ሙሉ ሁኔታ መላክ ነው፤ አንዱ ቢጠፋ ቀጣዩ ያርመዋል። በተጨማሪም ተቀባዩ ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ምንም መልእክት ካልሰማ፣ ባትሪው አልቋል ወይም ላኪው ርቋል ብሎ ሁሉንም መስመሮች ይለቃል። ፍጥነቱን በተመለከተ፣ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ቢት በሚላክበት ስልት፣ ከአድራሻውና ከስሕተት መፈተሻው ጋር የአንዱ መልእክት ርዝመት 81 ቢት ስለሚሆን አየር ላይ የሚቆየው 81 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ የሬዲዮው መነሻ 130 ማይክሮ ሰከንድ ሲጨመርበትም ከአንድ ሚሊ ሰከንድ አንድ አራተኛ አይደርስም። ፓል በተባለው ሥርዓት የሚሠራ ቴሌቪዥን አንዱን ሥዕል በሌላው የሚተካው በየ20 ሚሊ ሰከንዱ በመሆኑ፣ መልእክቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደገም እንኳ ተጫዋቹ መዘግየት አይሰማውም። አታሪ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ረጃጅም አንቴና ያላቸው ገመድ አልባ ጆይስቲኮች ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ አዲስ የሆነው አንድ ተማሪ በራሱ ጠረጴዛ ሊሠራው መቻሉ ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በመደረጉ የተቋቋመና በየሸቀጡ ዓይነት በተራ የተከፋፈለ ሰፊ የንግድ ሠፈር ነው። ከተራዎቹ መካከል ለዚህ ዲስኩር ጉዳይ የሚቀርበው ምናለሽ ተራ ነው፤ ቆራሌው ከየሠፈሩ የሰበሰበው ብረት፣ ጠርሙስ፣ ፕላስቲክና የተበላሸ ዕቃ የሚደርሰው ወደዚህ ሲሆን፣ በርሜል ተቀዶ ምድጃ፣ ቆርቆሮ ተቆርጦ ኩራዝ፣ የመኪና ጎማ ተገምሶ በረባሶ የሚሆነውም እንዲህ ባሉ ሠራተኞች እጅ ነው። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ እንደ ድህነት ምልክት ብቻ ይነገራል፤ ፍርዱ ትክክል አይደለም። የጎማ ጫማ ሠሪው የጎማውን የሽቦ ንጣፍ፣ የሚጸናበትንና የሚሰነጠቅበትን አቅጣጫ ያውቃል፤ ይህ የቁስ ዕውቀት ነው፣ የማገናኛው ሥራም የሚጠይቀው ይህንኑ ዓይነት ዕውቀት በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ላይ ነው።

ለምሳሌ ባለ ዘጠኝ እግሩን መሰኪያ እንውሰድ። በኮሞዶርም ሆነ በአታሪ ላይ በማሽኑ በኩል ያለው ወንዴ፣ በጆይስቲኩ ገመድ ጫፍ ያለው ደግሞ ሴቴ ነው። ይኸው ሴቴ መሰኪያ በቀድሞ የፒሲ ሲሪያል ገመዶች ጫፍ ላይ ይገኛል፤ ሲሪያል ወደብ ማለት ዩኤስቢ ከመምጣቱ በፊት ሞደም፣ ማውስ፣ የሒሳብ መመዝገቢያ ማሽንና የኃይል መጠባበቂያ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኙበት ወደብ ነበር። እነዚህ ገመዶች ከመሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተሮች ጋር ተጠቅልለው ወደ ገበያ ስለሚወጡ ከአዲስ መሰኪያ ይልቅ ይረክሳሉ። ነገር ግን ሳይፈተሹ መግዛት አይገባም፤ ብዙዎቹ በውስጣቸው ያላቸው ሦስት ሽቦ ብቻ ነው፣ እርሱም በ2ኛ፣ በ3ኛና በ5ኛ እግር ላይ፤ ማገናኛው ደግሞ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 7 እና 8ን ይፈልጋል። ስለሆነም ገዢው መልቲሜትር ይዞ ሄዶ ከእግር እስከ እግር ቀጣይነቱን መለካት አለበት፤ ሁለቱም ጫፎች በፕላስቲክ የተደፈኑ ስለሆኑ በዓይን ማወቅ አይቻልም።

የመተኮሻውና የአቅጣጫዎቹ ስዊቾችም ከአሮጌ ማውስ ይገኛሉ። በማውስ የግራና የቀኝ ቁልፍ ሥር ያሉት ማይክሮስዊች የሚባሉ፣ ሲነኩ ጥርት ያለ «ጠቅ» የሚሉ ትናንሽ ሳጥኖች ናቸው፤ በጥሩ የጨዋታ ጆይስቲኮች ውስጥ ከሚገቡት ጋር በመርህ አንድ ስለሆኑ ከሦስት የተበላሹ ማውሶች ለአንድ ጆይስቲክ የሚበቃ ይነቀላል። እያንዳንዱ ስዊች ሲዘጋ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ጊዜ የተነካው ብዙ ጊዜ እንደተነካ ይመስላል። መፍትሔው የመጀመሪያውን ንክኪ ወዲያው ተቀብሎ መልቀቁን ግን ለ5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ጠብቆ ማመን ነው፤ በዚህ መንገድ ተኩሱ አይዘገይም፣ መንቀጥቀጡም አያታልልም። ዘንጉ ከጠንካራ እንጨት፣ መመለሻው ከስፕሪንግ፣ ሳጥኑ ከማንኛውም ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል፤ ሳጥኑ ከቆርቆሮ እንዳይሠራ ግን ሬዲዮው ያስገድዳል።

ስለ መሰኪያው አንድ ትልቅ አደጋ መነገር አለበት። የአንዱ መሰኪያ ከሌላው ጋር መግጠሙ ሽቦዎቹም አንድ መሆናቸውን አያረጋግጥም። የፒሲው ሲሪያል ወደብ ወንዴ ባለ ዘጠኝ እግር በመሆኑ ጆይስቲክ በቀላሉ ይገባበታል፤ ወደቡ ግን ከ5 ቮልት በላይ የሆነና ከዜሮ በታችም የሚወርድ ቮልት ስለሚያወጣ፣ በስዊች ፋንታ ቺፕ ያለበትን ማገናኛ ሊያቃጥል ይችላል። የጃፓኑ ኤምኤስኤክስ ኮምፒውተር እንዲሁ ባለ ዘጠኝ እግር መሰኪያ አለው፤ 5 ቮልቱ ግን በ5ኛው፣ ግራውንዱ በ9ኛው እግር ላይ ነው። ከሁሉ ይልቅ በገበያ ሊያጋጥም የሚችለው እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣውን የኒንቴንዶ ፋሚኮም እየቀዱ የተሠሩት ርካሽ የጨዋታ ማሽኖች ጉዳይ ነው፤ እነዚህ በብዙ የእስያና የአፍሪካ ገበያዎች ተሽጠዋል፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ባለ ዘጠኝ እግሩን መሰኪያ ይጠቀማሉ። አሠራራቸው ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፤ በእነዚህ መቆጣጠሪያዎች ውስጥ ስምንቱ ቁልፎች ለየብቻቸው መስመር የላቸውም፣ 4021 የተባለ ዓይነት ቺፕ የስምንቱን ሁኔታ በአንድ ቅጽበት ይይዝና ማሽኑ ምት በሰጠው ቁጥር አንድ አንድ ቢት እያሰለፈ በአንድ መስመር ይልካቸዋል። ለአታሪ የተሠራ ማገናኛ በዚህ ማሽን ላይ ቢሰካ አይሠራም፤ ኃይሉና ግራውንዱ በተለያየ እግር ላይ ከሆኑም ይጎዳል።

ኃይልን በሚመለከት የተቀባዩ ክፍል፣ ለሬዲዮው 5 ቮልቱን በመቀነሻ ዝቅ እያደረገ፣ ከኮምፒውተሩ 7ኛ እግር ሊቀለብ ይችላል፤ ኮሞዶር በዚህ እግር እንዲወሰድ የሚፈቅደው ግን 50 ሚሊ አምፔር ያህል ብቻ ነው። ሬዲዮው ሲሰማ ቢበዛ 13.5 ሚሊ አምፔር ይወስዳል፣ ማይክሮኮንትሮለሩ ሲታከልበትም በወሰኑ ውስጥ ያድራል፤ በቦርዱ ላይ ያለማቋረጥ የምትበራዋን መብራት ነቅሎ መጣል ቁጠባውን ያግዛል። ረጅም አንቴናና ማጉያ ያለው የሞጁሉ ታላቅ ወንድም ግን ሲልክ ከ100 ሚሊ አምፔር በላይ ስለሚስብ ለዚህ ወደብ አይሆንም። ላኪው በሁለት የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ የሁለቱ ድምር 3 ቮልት ያህል ስለሆነ ለሬዲዮውም በ8 ሜጋ ኸርዝ ለሚሠራው ማይክሮኮንትሮለርም ያለ ምንም መቀነሻ ይስማማል፤ ተጫዋቹ ሳይነካው ሲቀር ሁለቱም እንዲያንቀላፉ ከተደረገ ድንጋዩ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ የሚወጡትን የሊቲየም ሴሎች መጠቀም የሚያጓጓ ቢሆንም አይመከርም፤ ሲሞሉ 4.2 ቮልት ስለሚደርሱ ሬዲዮውን ያቃጥላሉ፣ ከዚያ የከፋው ደግሞ የተጎዳ ሴል ሊቀጣጠል መቻሉ ነው። እሳት ተጠጋግተው በተሠሩ የመርካቶ ሱቆች መካከል ምን እንደሚያደርስ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ ታይቷል፤ ለመጫወቻ ተብሎ እንዲህ ያለ ስጋት ወደ ሱቅ ማስገባት አይገባም።

የሬዲዮ ሞገዱ በመርካቶ የሚያጋጥመው ሁኔታም የራሱ መልክ አለው። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ የብረት በርና የተደራረበ ብረታ ብረት ይህን ሞገድ እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቁት፣ ቀጥታ የመጣውና ተንጸባርቆ የመጣው አንዳንድ ቦታ ላይ ይጠፋፋሉ። በዚህ ጊዜ ተቀባዩን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማንቀሳቀስ ብቻ ግንኙነቱን ይመልሳል። ሁለተኛው ጉዳይ ዋይፋይ ነው። ሞጁሉ ከ2400 ሜጋ ኸርዝ ጀምሮ በአንድ አንድ ሜጋ ኸርዝ የተከፈሉ መስመሮች ሲኖሩት፣ ዋይፋይ በብዛት የሚይዛቸው 1ኛ፣ 6ኛና 11ኛ መስመሮች ማዕከላቸው 2412፣ 2437 እና 2462 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ እያንዳንዱም ወደ ግራና ቀኝ 10 ሜጋ ኸርዝ ያህል ይዘረጋል። ስለዚህ በአብዛኛው ጸጥ ያለው ቦታ ከ2475 እስከ 2480 ባለው ክልል ነው፤ የሞጁሉን 78ኛ መስመር መምረጥ ማለት ይህ ነው። ከ2483.5 በላይ መውጣት ለሁሉ ክፍት ከሆነው ክልል መውጣት በመሆኑ ሞጁሉ ቢችልም መደረግ የለበትም፤ በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ከሕግ ጋር በተያያዘ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን በደንብ ቁጥር 425/2010 ወስኗል። ደንቡ መኖሩ ተገቢ ነው፤ ሽቦን አቃጥሎ መዳብ ማውጣት፣ ቦርድን በአሲድ ማጠብ የሠራተኛውን ሳንባና የጎረቤቱን ውኃ ይመርዛል። ሆኖም አንድን ሲሪያል ገመድ ቆርጦ ለጆይስቲክ ማዋል፣ ከማውስ ስዊች መንቀል፣ ካፓሲተር ማንሣት ከዚህ ፍጹም የተለየ ተግባር ነው፤ ዕቃው ቆሻሻ ከመሆኑ በፊት ዕድሜ ይቀጥልለታል። የብየዳው እርሳስም ቢሆን መርዝ ስለሆነ መስኮት ከፍቶ መሥራት፣ ከምግብ በፊት እጅን መታጠብ ሊዘነጋ አይገባም።

ማገናኛው ተበይዶ ካለቀ በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ ከመሰካቱ በፊት የሚደረገው ፍተሻ የሥራው ዋና ክፍል ነው። ተቀባዩ 5 ቮልት ከሌላ ምንጭ፣ ለምሳሌ ከስልክ ቻርጀር፣ ይሰጠውና የአምስቱ መስመሮች ቮልት አንድ በአንድ ይለካል። በዚህ ጊዜ መስመሮቹ ከምንም ጋር ስላልተገናኙ በመልቲሜትሩ ላይ የሚታየው ቁጥር ዜሮ አካባቢ ወይም የሚዋልል መሆን አለበት፤ ጸንቶ የቆመ 5 ቮልት ከታየ ማገናኛው እየገፋ ነው ማለት ስለሆነ ፕሮግራሙ ሊታረም ይገባል። ቀጥሎ በእያንዳንዱ መስመርና በ5 ቮልቱ መካከል 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ለጊዜው ይታሰርና ጆይስቲኩ ይነካል፤ መስመሩ ሲነካ ወደ ዜሮ ሊወርድ፣ ሲለቀቅ ወደ 5 ሊመለስ ይገባል። ከዚያም ጆይስቲኩ ተነክቶ ሳለ የላኪው ባትሪ ይነቀልና አምስቱም መስመሮች ወዲያው ወደ 5 መመለሳቸው ይረጋገጣል። ይህን ሁሉ ያለፈ ማገናኛ ኮምፒውተሩ በጠፋበት ጊዜ በ2ኛው ወደብ ይሰካና ማሽኑ ይበራል።

እንዲህ ያለው መሣሪያ በተግባረ ዕድና በመሰሎቹ የሙያ ትምህርት ቤቶች የአንድ መንፈቅ የተግባር ሥራ ቢሆን፣ ተማሪው በአንድ ዕቃ ውስጥ ስዊችን፣ ቮልትን፣ ፕሮግራምንና ሬዲዮን ይማራል። በአሁኑ ጊዜ የሚጎድለው ዕቃው ሳይሆን ጽሑፉ ነው፤ የመርካቶ ጠጋኝ የሚያውቀውን ከአጠገቡ ላለው ልጅ በቃል ያስተላልፋል፣ ልጁ ሌላ ሥራ ሲይዝ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል። ከላይ የተዘረዘሩት የእግር ቁጥሮች፣ የቮልት ወሰኖችና የፍተሻ ቅደም ተከተል በአማርኛ ተጽፈው በእያንዳንዱ ማገናኛ ሳጥን ክዳን ውስጥ ቢለጠፉ፣ ማገናኛው ከዓመታት በኋላ ተበላሽቶ በቆራሌው በኩል ወደ ምናለሽ ተራ ሲመለስ፣ የሚከፍተው ሰው 7ኛው እግር ኃይል፣ 8ኛው ግራውንድ መሆኑን ሳይገምት አንብቦ ያውቃል፤ ከዚያም ያንኑ ላኪ ሳይነካ ተቀባዩን ብቻ በመለወጥ፣ ለፋሚኮም ቅጂዎቹ 4021ን የሚተካ ፕሮግራም ጽፎ ለሌላ ማሽን ሊያውለው ይችላል።